የባዶ ስሎት መልስ

ቦንጋ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዮሀና፣

ረቡዕ ነሐሴ 15 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ላይ፣ የማንኪራው ማሽን «ተመልካች በቦታው ነው» ብሎ መዘገበ። የማንኪራዋ ማር ሻጭ ተሾመች ደውላ «ጋሽ ገብረሚካኤልን ውሃ ወሰዳቸው» ያለችኝ ከዚያ አራት ደቂቃ በፊት ነው። ሰዓቱ ስልኬ ላይ አለ። ሰውየው ወንዝ ውስጥ እያሉ ማሽኑ ጣቢያው ውስጥ ናቸው ይላል።

ከሰላምታ በፊት ይህን ስላስቀደምኩ አትቀየሚኝ፤ ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? የእኔን ተዪው።

ስልኬ ላይ የላክሽልኝን ሁሉ አይቻለሁ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማን እንዳለው ስለማይታወቅ በወረቀት መመለስ መረጥኩ። ነጂብ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ በየሳምንቱ መርካቶ ይሄዳል፤ ደብዳቤዬን በእርሱ እልካለሁ፣ መልስሽንም ለእርሱ ስጪው። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር መግቢያዬ ከሐሙስ ጀምሮ ተዘግቷል። አለቃችን ኢንጂነር ግዛቸው «እስኪጣራ ድረስ» ብለው ነው።

ይህን ከአንቺ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል የምታውቂውንም ቢሆን ከሥሩ እጽፋለሁ።

ከወንዙ ማዶ ያለው የማንኪራ ሰው ቡናውን ወይም ማሩን ይዞ በእግሩ ወደ ቦንጋ ሲመጣ ያንን የእንጨት ድልድይ ይሻገራል። ጠዋት ጠዋት ጉም ወንዙን ስለሚሸፍነው ውሃው መሙላቱ አይታይም፤ ድምፁ እንደሆነ ክረምቱን ሙሉ አንድ ነው። በሁለቱም ዳር መብራት የተከልነው ለዚህ ነው። አረንጓዴ ከሆነ በጉምም ቢሆን ይሻገራሉ። ቀይ ከሆነ ጉሙ እስኪገልጥ ይቆማሉ፣ ውሃውን በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። በቦንጋ በኩል ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ የማሽኑ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ተሰክተዋል። ሦስተኛው ከድልድዩ ሥር እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ይለካል። ጣቢያውን ይጠብቁ የነበሩት የጋሽ ገብረሚካኤል ቁልፍም እዚያው ካርድ ላይ ነው፤ ሲገቡ ያበሩታል፣ ሲወጡ ያጠፉታል።

ካርዶቹ የተሰኩበት የማስፋፊያ መስመር የድሮ ዓይነት ነው። የተሰካበት ካርድ እኔ እገሌ ነኝ አይልም። ከርነሉ፣ ማለትም ከሥር ሆኖ ማሽኑን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም፣ በየትኛው ስሎት፣ ማለትም በየትኛው የካርድ መሰኪያ፣ ምን እንደተሰካ የሚያውቀው እኛ ጽፈን ከሰጠነው መግለጫ ፋይል ብቻ ነው። ይህን ለጋሽ ገብረሚካኤል የነገርኳቸው ቀን ሳቁብኝ። «እኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ ማነህ ይባላል። ያንቺ ማሽን የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ ያበላል እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ላይ ፍተሻውን የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ካርዱ አንድ ቁጥር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውን ካላገኘ ካርዱ የለም ማለት ነው፣ መብራቱም ቀይ ይሆናል።

ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጋሽ ገብረሚካኤል ሣጥኑን አጠፉ፣ ሦስተኛውን ካርድ ነቀሉ፣ ሣጥኑን መልሰው አበሩት። ዝናቡ ሦስት ቀን ስላላባራ ካርዱ ረጥቦ ነበር። እንደ ሁልጊዜው በኮባ ጠቅልለው ከምድጃቸው በላይ ቆጡ ላይ ሊያደርቁት ወሰዱት። ማሽኑ እስኪነሳ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መብራቱ ቀይ ነው። ቀይ መሆኑን አይተው ሄዱ። እንዲህ ማድረግ እንደሚችሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ካርዱ ሲወጣ ቀይ ይበራል፣ ማንም አይታለልም ብያቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካርዱን በእጃቸው ይዘው ከማንኪራ ሲወርዱ መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ተሾመች ለበዓሉ ገበያ ማር ይዛ ከኋላቸው ነበረች። ድልድዩ መሀል ሲደርሱ ነው ውሃው የመጣው። ድልድዩም አሁን የለም።

ስሎት ሦስት ባዶ ነበር። አረንጓዴ ግን በራ። ድራይቨሩን አብረን ነው የጻፍነው፤ እንዴት ሊሆን እንደቻለ አንቺ ንገሪኝ።

አብርሆት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አብርሽ፣

ነጂብ ዓርብ ዕለት ቢሮ ድረስ መጣ። ዘበኛው አላስገባም ብሎት በር ላይ ተገትሮ አገኘሁት። «ጓደኛሽ ሳታነበው እንዳትመለስ ብላኛለች» አለኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመልሼ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እርሳቸውን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው፤ ግን ስላንቺ ሲያወሩ «ያቺ ቁጡ ልጅ» ማለታቸው አይረሳኝም። እናቴ ደህና ናት፤ ስላንቺ ሳትጠይቀኝ ውላ አታውቅም። የሆነውን ግን አልነገርኳትም። እስኪረጋጋ ብዬ ነው።

ስለጠየቅሽኝ ነገር ብዙ አሰብኩ። እርጥበት ሊሆን ይችላል አብርሽ። ሦስት ቀን የዘነበበት ሣጥን ምን እንደሚያነብ ማን ያውቃል? ኢንጂነር ግዛቸውም እንደዚያ ነው የሚሉት። አንቺን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ፤ መግቢያሽን የዘጉት ላንቺው ብለው ነው። ሪፖርቱን ጨርሰዋል፤ ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው። ቶሎ ፈርመሽ ቢያልቅ ለሁላችንም ይሻላል።

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። የመግለጫ ፋይሉን ቅጂ አንቺ ጋ አስቀምጠሻል? አንቺ ጋ ያለውን መለዋወጫ ካርድስ ለምን እስካሁን አልሰካሽውም? እዚህ ጣቢያዎቹን የምንከታተልበት ገጽ ላይ አሁንም «ተመልካች በቦታው ነው» ይላል። ሰው ሲያየው ደስ አይልም።

ምግብ ብዪ። እባክሽ።

ዮሂ


ቦንጋ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዮሀና፣

እየበላሁ ነው። የወርቅውሃ፣ የቤት አከራዬ፣ ሰሃኑን ይዛ በሩ ላይ እየቆመች አልሄድም ትላለች።

ሪፖርቱ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር አለ። አንደኛው፣ ጥበቃው ገብረሚካኤል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ላይ በጣቢያው በሥራ ላይ እያለ ያለፈቃድ ካርዱን ነቅሏል፣ ይህም በመዝገቡ ተረጋግጧል ይላል። ሁለተኛው፣ ፍተሻውን ከሥራ ውጭ ያደረገችው ባለሙያ አብርሆት ፍቃዱ ናት ይላል። በዚህ ላይ ነው ፈርሚ የምትሉኝ።

እርጥበት አይደለም። ፋይሉ ደግሞ እኔ ጋ አለ። ከሣጥኑ አውጥቼ አትሜዋለሁ። ስሎት አንድ እና ስሎት ሁለት እንደነበሩ ናቸው። ስሎት ሦስት ላይ እኛ ያልጻፍናት አንዲት መስመር ገብታለች፦ «ካርዱ ቋሚ ነው፤ አትፈትሽ።» ከርነሉ ታማኝ ነው፣ የተባለውን አመነ። ባዶውን ስሎት ካርድ እንዳለበት አድርጎ ማንበብ ቀጠለ።

ባዶ ስሎት ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ ታውቂያለሽ። የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ወደ ታች፣ ወደ ዜሮ፣ የሚስብ ካርድ ስለሌለ ሁሉም ከፍ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የሚነበበው በሙሉ «1» «1» «1» ነው። ለርቀት መለኪያው ሁሉም አንድ ማለት ትልቁ ቁጥር ነው፤ ውሃው ከድልድዩ እጅግ ሩቅ ነው፣ ተሻገሩ። ለቁልፉ አንድ ማለት በርቷል ነው፤ ተመልካቹ በቦታው ነው። ባዶው ቦታ በየአሥር ደቂቃው ደህና ነው፣ ጋሽ ገብረሚካኤልም እዚህ ናቸው ሲል አደረ። ሪፖርቱ የጠቀሰው የ12 ከ10ሩን አንድ መስመር ብቻ ነው። ከማክሰኞ 11 ከ20 ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ያው ቃል ተደጋግሞ ተመዝግቧል። እዚያች ጎጆ ውስጥ ደግሞ ሰው አድሮ አያውቅም፤ የሚተኛበት ቦታም የለም።

መስመሯ የገባችው ሐምሌ 20 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። የጣቢያው ምርቃት ቀን። የለዋጩ ስም፦ አብርሆት ፍቃዱ።

በዚያ ሰዓት እኔ የት እንደነበርኩ ልንገርሽ። ድልድዩ አጠገብ ለእንግዶቹ ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። ላፕቶፔ ቦንጋ ነበር። መብራቱ ቀይ ሆኖ አልለወጥ አለ፤ ካርዱ ላልቶ እንደነበር ከሰዓት በኋላ ነው ያገኘሁት። እንግዶቹ ይተያያሉ፣ አንዱ «ይሄ መብራት ከኛ ጋር ጠብ አለው እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። ኢንጂነር ግዛቸው ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወደሚሻልበት ጉብታ ወጡ። ሲወርዱ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከሰዓት በኋላ ካርዱን አጠበቅሁና ተመለስኩ። ፋይሉን አልከፈትኩም። ይህ የእኔ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም።

የመግቢያ ቃሌን ከእኔ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፣ ዮሀና።

መለዋወጫውን ካርድ ያልሰካሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ የዞኑ ኮሚቴ መጥቶ ባዶውን ስሎት በዓይኑ እስኪያይ እንዲቆይ ስለፈለግሁ ነው። ሰው እንዳይሳሳትበት የመብራቱን ሽቦ መጀመሪያውኑ ቆርጬዋለሁ። ሁለተኛው እትዬ ላቀች ናቸው፣ የጋሽ ገብረሚካኤል ባለቤት። የሰውየው አስከሬን እስካሁን አልተገኘም። ከመሥሪያ ቤት የሄዱት ሰዎች «ማሽኑ ባልሽ በ12 ከ10 ጣቢያው ውስጥ ነበሩ ይላል» ብለዋቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በላይኛው መሻገሪያ ዞረው፣ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ይመጣሉ፤ ሣጥኑ ፊት ይቀመጣሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ ተሾመች ታስተረጉማለች። «ዛሬስ?» ይሉኛል። ትንሿ ስክሪን ላይ ያለውን አነብላቸዋለሁ። በቦታው ነው ይላል እላቸዋለሁ። ጎረቤት ለቅሶ ልቀመጥ ሲላቸው «ገና ነው» እያሉ ይመልሱታል።

አሁን ካርዱን ስሰካ ማሽኑ የለም ይላል። ለምን እንደዘገየሁ ገባሽ?

የጠየቅሽኝን መልሻለሁ። አሁን እኔ ልጠይቅ፦ ኢንጂነር ግዛቸው ጉብታው ላይ ሆነው የደወሉት ለማን ነው?

አብርሆት


አዲስ አበባ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አብርሽ፣

እንኳን አደረሰሽ። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ ብዬ መጻፍ ከብዶኝ አራት ቀን ወረቀቱን ይዤ ዋልኩ። ሳልጽፈው መላክ ደግሞ ባሰብኝ።

ያን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ የሚመጣብኝ የዩኒቨርሲቲው ጊዜ ነው። አንድ ላፕቶፕ ለሁለት። የተቀመጠችው ትጽፋለች፣ የቆመችው ስህተት ትለቅማለች። ስሙ ያንቺ፣ መግቢያው ያንቺ፣ ውጤቱ የሁለታችን። አንድ ጊዜ መምህሩ «ይህን የጻፈችው የትኛዋ ናት?» ሲል ሁለታችንም እጅ አወጣን፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሥራ ከያዝንም በኋላ እንደዚያው ቀጠልን። ያኔ ማን ምን እንደጻፈ ጠይቀሽኝ አታውቂም ነበር።

እባክሽ ስሚኝ። ኢንጂነር ግዛቸውን አናግሬያቸዋለሁ። ሪፖርቱን ሊያሻሽሉት ፈቃደኛ ናቸው። ያንቺ ስም ይወጣል። የጋሽ ገብረሚካኤልም ይወጣል። «የመሣሪያ ብልሽት» ተብሎ ይዘጋል። ማንም አይነካም። መግቢያሽ በማግስቱ ይከፈታል፣ ሥራሽ ላይ ትመለሻለሽ። ከመስከረም 24 በፊት ግን ፊርማሽ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን የዞኑ ኮሚቴ ይቀመጣል። ካልሆነ የመጀመሪያው ሪፖርት እንዳለ ይቀርባል። ይህን የምነግርሽ ለማስፈራራት አይደለም።

ባለቤታቸውን አሰብኳቸው። ካርዱን ስኪው አብርሽ። ለእርሳቸውም ለአንቺም ይሻላል።

ስለጠየቅሽኝ ነገር በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። አሁን አቅም የለኝም። ለእኔ ስትዪ ፈርሚ።

ዮሂ


ቦንጋ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሀና፣

ትናንት በስልክ ለጠየቅሽው፦ አዎ፣ ገጹ ላይ ያየሽው ትክክል ነው። ካርዱን ሰክቼዋለሁ።

ዓርብ መስከረም 10 ቀን የኮሚቴው ሁለት ሰዎች መጥተው ባዶውን ስሎት አዩ፣ ፎቶ አነሱ፣ መዝገቡን ሙሉውን ወሰዱ። አንደኛው፣ ኮከብ የሚባሉ ጸጥ ያሉ ሴት፣ ጣታቸውን ወደ ስሎቱ አስጠግተው «እዚህ ምንም የለም፤ ታዲያ ማን ነው የሚያወራው?» አሉኝ። የማስፋፊያ መስመር ምን እንደሆነ ሰምተው አያውቁም። ጥያቄያቸው ግን ከሪፖርቱ አራት ገጽ ይበልጣል።

እነርሱ ከሄዱ በኋላ እትዬ ላቀች ቀሩ፣ ተሾመችም ቀረች። ከዚያ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም። ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። ማሽኑ ያየው ሰው የለም፣ እዚህ ቦታ ካርድ የለም፣ ባዶ ቦታ ሲጠየቅ እንደዚህ ነው የሚመልሰው አልኳቸው። ተሾመች በካፊኛ ስትነግራቸው ከእኔ በላይ ረዘመባት። እትዬ ላቀች አላለቀሱም። «አድርጊው» አሉ በአማርኛ። ሣጥኑን አጥፍቼ ካርዱን ሰካሁ። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ «ተመልካች የለም» የሚለው ወጣ። አነበብኩላቸው።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ተሾመች ልታስተረጉመው አልፈለገችም፣ እኔ ነኝ ንገሪኝ ያልኳት።

«በቦታው ነው ብሎ ለማሽኑ የነገረው ማነው?» ነው ያሉት።

ሰው ነው አልኳቸው። ስሙን ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም። በዚያች ሰዓት ለምን እንደተውኩት እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ክፍል ውስጥ አብረን ያወጣነውን እጅ አስቤ ይሆናል። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ሄዱ። ቅዳሜ ለቅሶ ተቀመጡ። ከማንኪራ ያልመጣ ሰው የለም። እኔ ከደጅ ቆምኩ፤ ተሾመች እጄን ይዛ አስገባችኝ።

አሁን ካንቺ የደበቅሁትን ልጻፍ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ሰው ካርዱን በእጁ ይዞ አረንጓዴ ሲያይ እንዴት አይጠረጥርም ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ባለመጠየቅሽ ተጠቀምኩ። መለዋወጫውን ካርድ ማክሰኞ አመጣለሁ ብያቸው ነበር። ማክሰኞ ግን ዋጫ ያለው ሌላው ጣቢያችን ላይ ሥራ ያዘኝና እዚያው አደርኩ፤ አልደወልኩላቸውም። ተሾመች እንደነገረችኝ፣ ረቡዕ ጠዋት መብራቱን ሲያዩ ቆም ብለው ስቀዋል። «ያቺ ልጅ ቀድማኛለች። የእርሷን ካርድ ሰክታለች» ብለው ነው ወደ ድልድዩ የወረዱት።

ይህን እንዳልሰማ ተሾመች ጥቂት ቀን ደብቃኝ ነበር። አሁን ጉም ባየሁ ቁጥር ያን ሳቅ እሰማዋለሁ። ሌላ ሰው ሊያስረሳኝ አይችልም፣ እንዲያስረሳኝም አልፈልግም። ለኮሚቴው በጻፍኩት ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ቃሌን አልጠበቅሁም፣ ፋይሉንም ከምርቃቱ በኋላ አላየሁም።

የእኔን ድርሻ ጽፌያለሁ። «የመሣሪያ ብልሽት» የሚለውን አልፈርምም። መሣሪያው አልተበላሸም። የተነገረውን አንድ ሳያጎድል ፈጽሟል።

አንቺም የድርሻሽን ጻፊ። እስከ 24 ጊዜ አለሽ።

አብርሆት


መስከረም 19

ደብዳቤው ደርሷል።

ስልክ የተደወለው ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «እንግዶቹ ቆመዋል፤ አረንጓዴ አድርጊው» ነው የተባለው። ካርዱ ምን ሆኖ እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ ተጠይቆ ነበር። «አሁን!» ተባለ። ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ የነበረው ያው የድሮው መግቢያ ነው፤ ሆን ተብሎ የተመረጠ አይደለም። አንድ መስመር ተጻፈ። በማግስቱ ይነሣል ተብሎ ታስቦ ነበር። በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ተረሳ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ተረሳ።

ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት ገጹ ላይ ርቀቱ ትልቁ ቁጥር መሆኑ ታይቷል። ክረምት ላይ ወንዝ እንደዚያ ሊጎድል እንደማይችል ይታወቃል። ቡና ለመጠጣት ተወጣ። ሲመለሱ ዜናው ደርሷል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ገጽ ነው። «በቦታው ነው» ሲል ትንሽ ቀለል ይል ነበር። ሞኝነት ነው፣ ግን ቀለል ይል ነበር። መስከረም 10 ከሰዓት በኋላ «የለም» ሲል ገጹ ተዘጋ።

ይህ ለኮሚቴ የሚሆን አይደለም። እናት አለች፣ ሥራውን ያስገኙት አለቃው ናቸው፣ ሁሉንም ታውቂያለሽ። አንቺ እንድታውቂው ብቻ ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።


ቦንጋ፣ መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዮሀና፣

ኮሚቴው ነገ ይቀመጣል። ነጂብ ዛሬ ስለሚሄድ አሳጥራለሁ።

በቅድሚያ የሥራውን። ዋጫ ሄጄ የዚያን ጣቢያ መግለጫ ፋይል ከፈትኩ። ያችው መስመር እዚያም አለች፤ ፋይሉ ከማንኪራው ተቀድቶ ነው የተላከው። እዚያም ሰው በመብራቱ ይሻገራል። አጠፋኋት፣ ሣጥኑን አጥፍቼ ካርዱን ነቅዬ መልሼ አበራሁት፣ ቀይ ሆኖ መቅረቱን እስካረጋግጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩት። መግቢያ ስለሌለኝ ያለፈቃድ ነው የገባሁት። ይህንንም ለኮሚቴው በስሜ ጽፌያለሁ፤ ከፈለጉ ይክሰሱኝ።

ደብዳቤሽን አላቃጠልኩትም። ለኮሚቴውም አልሰጠሁትም። ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ፣ መልሼልሻለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በውስጡ ስልክ ይደወላል፣ መስመር ይጻፋል፣ ይረሳል፣ ቡና ለመጠጣት ይወጣል። ሰው የለበትም። የእጅ ጽሑፍሽን እንኳ ሸሽተሽ በኮምፒውተር ነው የጻፍሽው። እትዬ ላቀች ያን ዕለት የጠየቁኝ ስም ነው፤ ይህን ወረቀት ይዤ ብሄድ የማነብላቸው ስም አላገኝም።

እናትሽን አውቃቸዋለሁ። እንደ ልጃቸው አብልተውኛል። ያለ ሥራ መቅረት ምን እንደሆነም አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ አትችዪም። ኢንጂነር ግዛቸው እንደሚያስፈራሩሽ አልጠራጠርም፤ ጉብታው ላይ የወጡት እርሳቸው ናቸው፣ ነገ በመጀመሪያ የምጠራውም የእርሳቸውን ስም ነው። ሁለተኛው ያንቺ ነው፣ ሦስተኛው የእኔ። የእኔን ያለ ፈቃዴ ስለተጠቀምሽበት አይደለም ያንቺን የምጠራው። ሰውየው አረንጓዴውን አምነው የወረዱት የእኔን ስም አምነው ስለሆነ ነው። «ያቺ ልጅ» ያሉት እኔን ነው። እዚያ ላይ ያለው እጅ ግን ያንቺ ነበር።

አሁንም እወድሻለሁ። ያ ተለውጦ ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ።

በዚያ ደብዳቤ ላይ ስምሽን በእጅሽ ጽፈሽ፣ «ተጻፈ» ያልሽውን «ጻፍኩ» ብለሽ ብትልኪው፣ ኮሚቴው ከተበተነ በኋላ ቢደርስም እቀበለዋለሁ፣ ራሴ ለእትዬ ላቀች አነብላቸዋለሁ። «ብልሽት» በሚል ቃል የተዘጋ ሪፖርት አልቀበልም። ሞተው መልስ መስጠት በማይችሉ ሰው ላይ የተጫነ ጥፋት አልቀበልም። ከእንግዲህ በእኔ ስም ማንም እንዲጽፍ አልፈቅድም፣ አንቺም ብትሆኚ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ፣ ካንቺም ይሁን ከማንም፣ የጻፈው ሰው ስሙን ያላኖረበት ደብዳቤ ደጄ ቢመጣ አልቀበልም።

አብርሆት ፍቃዱ